ኪዮቶ ድንጋይ ስቆጥር

ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ የደረስኩት በህዳር ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ተማሪዎቼ የሳሉት ሥዕል ተጣጥፎ አለ። ቀይ ድልድይ፣ ኩሬ፣ ዙሪያውን ሳኩራ፣ ማለት የጃፓን የቼሪ ዛፍ። ከክፍሎቹ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ የጃፓን ዓይነት የአትክልት ስፍራ ይሁን ተብሎ ሥራው እኔ ላይ ወድቋል። ሐሳቤ ሁሉ የሳኩራ ችግኝ ከየት እንደማመጣ ነበር።

መጀመሪያ ርዮአንጂ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሄድኩ። ጫማ ይወለቃል። የጣውላው ቅዝቃዜ በካልሲ አልፎ እግር ውስጥ ይገባል። ፊት ለፊት ያለው 25 ሜትር በ10 ሜትር ገደማ የሆነ ጠጠር ነው። ውስጡ አንድ ዛፍ የለም። ድንጋዮቹ 15 ናቸው፤ ግን በረንዳው ላይ የትም ብትቀመጡ አንዱ ይደበቃችኋል። እኔ ደግሞ ሰው ያለውን ዝም ብዬ አላምንም። ቆጠርኩ፣ 14። ፈቀቅ ብዬ ደገምኩ፣ 14። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት በጣቴ ስቆጥር አይተው ሳቁ። ደግነቱ ዓይነ ስውራን በእጃቸው እንዲዳስሱት የተሠራ የግቢው ትንሽ ሞዴል አለ። እሱ ላይ 15ቱንም አንድ በአንድ ነካሁና ቂሜን ተወጣሁ።

በኪዮቶ ግቢዎች የተለመደው ነጭ ጠጠር ሺራካዋ ሱና ይባላል። ከተማዋ አጠገብ ካለው ከሂኤይ ተራራ ግራናይት የመጣ ነው። ማለት ሰዎቹ ደጃቸው ያለውን ነው ያነሱት። ችግኝ በአውሮፕላን ላስጭን ያሰብኩት ሰውዬ ትንሽ አፈርኩ።

ሳይሆጂ የሚባለው ቤተ መቅደስ ቀድሞ ሳያመለክቱ አይገባም። ከ120 በላይ ዓይነት ሳረንስት አለበት ይባላል፤ ያ ድንጋይና መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚተኛው አረንጓዴ ማለት ነው። ግቢውን በ1339 እ.ኤ.አ. ያቀናው ሙሶ ሶሴኪ የሚባል መነኩሴ ነው፤ ሳረንስቱ ግን የእሱ እቅድ አይደለም። ተንከባካቢ ባጣ ጊዜ፣ ጥላውና እርጥበቱ ሲስማማው፣ ራሱ መጥቶ ወረሰው። አንዲት ሴት ተንበርክካ የወደቁትን ቅጠሎች በትንሽ መጥረጊያ ታነሳለች። ጠራረገች ከማለት አቧራ አራገፈች ማለት ይቀላል።

ልቤ የቀረው ግን ቶፉኩጂ ቤተ መቅደስ ነው። ከኪዮቶ ጣቢያ በባቡር አንድ ፌርማታ ነው። በአበምኔቱ አዳራሽ አራት ጎን ያሉትን የአትክልት ስፍራዎች በ1939 እ.ኤ.አ. የሠራው ሺጌሞሪ ሚሬይ የሚባል የአትክልት ስፍራ ነዳፊ ነው። መነኮሳቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ ግቢው ውስጥ ያለ ዕቃ እንዳይባክን። እሱም የአሮጌ ሕንፃ ምሰሶ ያረፈባቸውን ሰባት ክብ ድንጋዮች ወስዶ የትልቁን ድብ ሰባት ኮከቦች ሠራባቸው። ከመንገድ የተነሱትን አራት ማዕዘን ንጣፎች ደግሞ በሰሜን በኩል ሳረንስት መሃል እንደ ዳማ ሰሌዳ ደረደራቸው። ሰሌዳው እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። እዚያ ቁጭ ብዬ የልጆቹን ሥዕል አወጣሁ። ድልድዩን በእርሳስ ሰረዝኩ። ሳኩራውንም።

ስመለስ “ሳኩራ የለም” ስላቸው አኮረፉ። ደብተር ይዘን ወጣን፤ ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ሳያጠጣው ግቢው ውስጥ የበቀለውን ሁሉ እንዲስሉ አደረግኩ። መሬት ለመሬት የሚሳበው ቅጠል የሳረንስቱን ቦታ ያዘ፤ ፀሐዩን ሳረንስት አይችለውምና። የተቆለለው ስብርባሪ ንጣፍ መንገድ ሆነ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ትልቅ ዛፍ የእኛ አይደለም፤ ግን መቀመጫውን ወደ እሱ አዞርነውና የእኛ መሰለ። ጃፓኖች ይህን ሻኬይ ይሉታል፣ እይታ መበደር። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ውሃም አይጠጣም።

በመጨረሻ ሰባት ድንጋይ ተከልን። ሲሶውን ቀበርነው፣ ከመሬቱ የበቀለ እንዲመስል። በማግስቱ አንዲት ልጅ መቀመጫው ላይ ሆና ጮኸች።

“ቲቸር! አንድ ድንጋይ ተሰርቋል፣ ስድስት ነው ያለው!”

“እስቲ ወደ ግራ ጠጋ በይ” አልኳት።

ጠጋ ብላ ቆጠረች። አሁንም ስድስት።