በርገር በሐምሌ ዶፍ፣ ሱሉልታ ላይ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ 17 ዓመት ስኖር በርገር የጠበስኩት ሁሌም በፀሐይ ነው። የአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ ጁላይ 4 ሲመጣ ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል፤ እኔም ከጎረቤቶቼ ጋር እጠብስና ፎቶውን ሱሉልታ ላሉት የእህቴ ልጆች እልካለሁ። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አምና ለእረፍት ስመጣ ሻንጣዬ ሳይፈታ "አክስቴ፣ ያ የፎቶው በርገር መቼ ነው?" አሉኝ።

ጁላይ 4 በእኛ ሰኔ 27 ነው፣ የሐዋርያት ጾም። እዚያ በጋ ሲሆን ደግሞ እዚህ ክረምት ነው። ጾሙ ሐምሌ 5 እስኪፈታ ጠበቅን፤ ዝናቡን ግን እስከ መስከረም ማን ይጠብቃል?

ሥጋ ቤት ሄጄ "ሦስት ኪሎ የሚፈጭ" አልኩት ልጁን። እጁ የተባረከ ነው። ጅማቱን፣ ሞራውን፣ ነጭ የሆነውን ሁሉ ገፍፎ ቀዩን ብቻ ፈጭቶ ሰጠኝ። ለክትፎ መስሎት ነው፣ አክብሮኝ። ከሰል ላይ ሲወጣ ግን ግማሹ እየተፈረፈረ በፍርግርጉ መሀል ወደቀ፣ የተረፈው ቋንጣ ሆነ። ትንሹ ልጅ "አክስቴ፣ ካቻፕ ጨምሪልኝ" እያለ እንደ መድኃኒት ዋጠው።

የገባኝ ማታ ተኝቼ ሳስበው ነው። አሜሪካ የተፈጨ ሥጋ ማሸጊያ ላይ 80/20 ተብሎ ይጻፋል፤ 80 እጅ ቀይ፣ 20 እጅ ስብ። 17 ዓመት ሙሉ ያንን ማሸጊያ ከመደርደሪያ እያነሳሁ በርገር እችላለሁ ስል ኖሬያለሁ። ለካ የምችለው ማንሳቱን ነው።

በሳምንቱ ተመለስኩ። "ወንድሜ፣ ሁለት ኪሎ ቀይ፣ አንድ ኪሎ ሻኛ፣ አንድ ላይ ፍጭልኝ።"

ቢላዋውን አስቀመጠ። "ሻኛ እኮ ለጥሬ ነው እትዬ።"

"አውቃለሁ።"

"ጮማ ካማረዎት ልቁረጥልዎት። የሚፈጭ ሥጋ ጮማ ካለበት አፍ ላይ ይረጋል።"

ክትፎ ቢሆን ልክ ነበር። የከብት ስብ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ እሳት ላይ ግን ቀልጦ ሥጋውን ያርሰዋል። ይህን ሳስረዳ አጠገባችን ጥሬ ሥጋ በአዋዜ እያጠቀሱ የነበሩ ሽማግሌ "ፍጭላት በቃ፣ ዲያስፖራ ናት" ብለው ገላገሉኝ። አሜሪካ የተፈጨ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ አትብሉ ይባላል፤ ላዩ ላይ ያለው ጀርም ሲፈጭ ወደ ውስጥ ስለሚገባ። ቦርሳዬ ውስጥ ለዚሁ የገዛሁት ቴርሞሜትር ነበረ። ለሽማግሌው አላሳየኋቸውም።

ቤት ስደርስ እህቴ ሽንኩርት ከትፋ፣ እንቁላል መትታ፣ ሚጥሚጣ አቅርባ ጠበቀችኝ። "ይህማ ኮፍታ ነው፣ የተቀመመ የሥጋ ድብልብል እንጂ በርገር አይደለም" አልኳት፤ አኮረፈች። ጨው እንኳን ቀድሞ ከተለወሰ ሥጋው እንደ ቋሊማ ይጠጥራል፣ ስለዚህ እሳት ላይ ሊወጣ ሲል ብቻ ከላይ ነስነስ ነው። 150፣ 150 ግራም እያልኩ 20 አወጣሁ፤ ሲጠበስ ስለሚሰበሰብ ከዳቦው ሰፋ አድርጌ። መሀሉ እንዳያብጥ በአውራ ጣት ጎድጎድ ማድረግ የትንሹ ልጅ ሥራ ሆነ፣ ሃያውንም አተመው። ያን ቀን የሱሉልታን ብርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት፤ ስቡ እጄ ላይ አልቀለጠም።

መጥበሻችን ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ነው፣ ላዩ ላይ ብየዳ ቤት ያሠራነው የፌሮ ፍርግርግ። ከሰሉ ግሎ ነጭ አመድ ሲለብስ ዶፉ ወረደ። የእህቴ ባል በርሜሉን ሳሎን እናስገባ አለ። የከሰል ጭስ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል ብዬ ጮህኩ፤ ወንዶቹ ሸራ በአራት ማዕዘን ወጥረው ቆሙ። የእህቴ ባል አንድ እጁን ነፃ ሲያገኝ ሥጋውን በመገልበጫ ተጫነው። ስቡ ከሰሉ ላይ ጠብ ሲል እሳቱ ቦግ አለና የሸራውን ጠርዝ ላሰው። ከዚያ በኋላ የተጫነ የለም።

አራት አራት ደቂቃ በየጎኑ። አይብ አይቀልጥም፣ ፕሮቮሎኔ የሚባለውን የሚቀልጥ ቺዝ ገዝቼ ነበር። ዳቦውን እህቴ በንጥር ቅቤ አሸችው፤ እኔ አላዘዝኩም፣ ግን እዚያም ብመለስ እንዲሁ አደርጋለሁ። አንዱን ከመሀል ስከፍለው ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። እህቴ ሁለት በላች። "ጥሩ ኮፍታ ነው" አለች።

ቅዳሜ ለወጥ ሥጋ ልገዛ ስሄድ ልጁ ገና ከበር አየኝ። ሻኛውን ለብቻ ሰቅሎት ነበር። "እትዬ፣ የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ እረፍት ነኝ" አለኝ፣ ቢላዋውን እየሳለ። "ቤትዎ በየት በኩል ነው?"