ጫካው የማን ነው?

ባደግኩበት የአዲስ አበባ ሰፈር እሑድ ቀን «ዛሬ እንወጣለን» ከተባለ፣ ሰው ለመጠየቅ መሄዳችን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባቴ ከቅዳሴ መልስ ብርቱካን ወይም ሙዝ ይገዛና የታመመ ዘመድ ቤት፣ አራስ ቤት፣ ወይም ከሰነበተ ያላየናት የአክስታችን ልጅ ዘንድ ይወስደናል። መውጣት ማለት ከቤት ወጥቶ ሌላ ቤት መግባት ነበር። ስቶክሆልም ከገባን በኋላ እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንን ይዘን የት እንደምንሄድ ለረጅም ጊዜ ግራ የገባን ለዚህ ይመስለኛል፤ የምንጠይቀው ዘመድ የለንም፣ ያወቅናቸውም ሰዎች ቢሆኑ ሳይደወልላቸውና ቀን ሳይቆረጥ ደጃቸው አይረገጥም።

ከቤት መውጣትን እንደ አዲስ የተማርኩት የሕፃን ጋሪ እየገፋሁ ነው። የስዊድን ሕግ ለአንድ ልጅ 480 የወላጅነት ፈቃድ ቀናት ይሰጣል፤ ከእነዚህም ውስጥ ለእያንዳንዱ ወላጅ የተለዩት 90 ቀናት ለሌላው አይተላለፉም። በዚህ መሠረት ሴት ልጃችን እያደገች ስትሄድ ባለቤቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ እኔም በኅዳር ወር ከሕፃኗ ጋር ቤት መዋል ጀመርኩ። ኅዳርና ታኅሣሥ በዚህ አገር ከባድ ናቸው። ፀሐይ ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ብቅ ብላ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ አንድ ቀን በመስኮት ሲያዩት ያለቀ ይመስላል። በስቶክሆልም ግን ሕፃን በጋሪ ይዞ የሚሳፈር ሰው አውቶቡስ ላይ አይከፍልም። ስለዚህ በየማለዳው ልጄን ጠቅልዬ፣ በመካከለኛው በር ገብቼ፣ አውቶቡሱ ወደ ሄደበት መሄድ ጀመርኩ።

እንዲህ እየዞርኩ ነው ስካንሰንን ያገኘሁት። ስካንሰን ዩርጎርደን በተባለችው ደሴት ላይ በ1891 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ክፍት ሙዚየም ሲሆን፣ ከአገሪቱ የተለያዩ ክፍሎች እየተነቀሉ የመጡ የገጠር ቤቶች እንደገና የቆሙበት ነው። ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ የጥንት ልብስ የለበሱ አንዲት ሴት እሳት አንድደው ስስ ቂጣ ይጋግሩ ነበር። ደጁን ስከፍት የእንጨት ጭስና የቂጣ ሽታ ተቀበለኝ። ሴትዮዋ «ግቡ፣ በሩን ዝጉት» አሉ፤ ቂጣውን ቆርሰው ሰጡኝ፤ የልጄን ስም ጠየቁኝ። ጎብኚ ሁሉ የሚባለውን ነው ያሉኝ፤ ይህን አላጣሁትም። ሆኖም እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ ሰው ቤት የገባሁ ያህል የተሰማኝ ያን ዕለት ነው። በዚያ ክረምት ስንት ጊዜ እንደ ተመለስኩ አልቆጠርኩትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በልብስ ነው የሚታወሱኝ፤ ውኃ የማያስገባ ሱሪ፣ በላዩ የሚጠለቅ ወፍራም ቱታ፣ የሱፍ ካልሲ፣ በጨለማ የሚያበራ ሰደርያ። መዋዕለ ሕፃናቱ ልጆቹን በዝናብም በበረዶም ወደ ውጭ ያወጣቸው ስለ ነበር እኛም ተከተልናቸው፤ በየካቲት የትምህርት ቤት ዕረፍት ሳምንት ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ በበረዶ መንሸራተት ለመድን። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይጎድለን ነበር። የምንሄደው አራታችን ብቻ ነበርን።

እናቴ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ልትጠይቀን መጣች። መጀመሪያ የተጣላችው ከፀሐይዋ ጋር ነው። ነግቷል ብላ ለጸሎት ስትነሣ ሰዓቱ ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ሆኖ ታገኘዋለች፤ ማታም 4 ሰዓት እስኪሆን ብርሃን ስለ ነበር «ይህ አገር መቼ ነው የሚመሸው?» ትል ነበር። ፍልሰታ ሲገባ እኔም የዓመት ዕረፍት ላይ ነበርኩና አንድ ረቡዕ ሁላችንም ወደ ቲሬስታ ሄድን። ቲሬስታ ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የተከለለ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ሰው ያልቆረጣቸው ያረጁ የጥድ ዛፎች አሉበት።

እናቴ ከዛፎቹ ሥር እንደ ገባን ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እሷ በተወለደችበት አገር እንዲህ ያለ ደን የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው፤ ሌላው ታርሷል፣ ተማግዷል። ጥቂት ከተራመድን በኋላ ቆመችና «ጫካው የማን ነው?» አለችኝ።

«ይህ የመንግሥት ነው። የግለሰብ ቢሆንም ግን ገብተን መሄድ እንችል ነበር።»

«ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ?»

«ሳናስፈቅድ።»

«ፍሬውንም?»

ፍሬውንም። ስዊድናውያን አለማንስሬተን ይሉታል፤ የሁሉም ሰው መብት ማለት ነው። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ሰፍሯል። ማንም ሰው በሌላ ሰው ደን ውስጥ መሄድ፣ የዱር ፍሬና እንጉዳይ መልቀም ይችላል፤ የሰው ግቢ ውስጥ መግባትና አዝመራ መርገጥ ግን አይፈቀድም። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጄ በትምህርት ቤት የተማረውን «ኢንተ ስቶራ፣ ኢንተ ፎሽቶራ» ብሎ ለአያቱ አነበነበላትና «አትረብሽ፣ አታበላሽ ማለት ነው፣ እማማ» ሲል ተረጎመላት። እሷም ቃሉን ሁለት ጊዜ ደግማ ካለችው በኋላ «እንዲህ ከሆነ ደግ ነው» ብላ ጎንበስ አለች።

ብሎቤር የሚባለው ፍሬ ከጉልበት በማይበልጥ ቁጥቋጦ ላይ የሚያፈራ፣ ከቡና ፍሬ ያነሰ፣ ውጩ ሰማያዊ ሆኖ ሲፈነዳ ወይን ጠጅ የሚያፈስ ነው። እኛ የማበጠሪያ ጥርስ ያለው መልቀሚያ ይዘን ነበር፤ እናቴ ግን ቅጠል ይቀነጥሳል ብላ አልወደደችውም። የሽንብራ እሸት እንደምትለቅም በሁለት ጣቷ አንድ አንዱን እየነጠለች፣ ከሁላችን ቀድማ ዕቃዋን ሞላች። ልጆቹ ከንፈራቸውም ምላሳቸውም ጠቁሮ ነበር። ሴት ልጄ የተሻለውን መርጣ ወደ አያቷ አፍ አስጠጋችና «አንድ ብቻ፣ እማማ» አለቻት።

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ የኔ እናት።»

ልጄ ሰዓት ማንበብ አታውቅም ነበር፤ ያቺን ፍሬ መዳፏ ውስጥ ይዛ በየጥቂቱ «ሆነ?» እያለች ትጠይቃት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አማተበች፣ ጸሎቷን አደረሰች፣ ከዚያም መጀመሪያ የወሰደችው ያቺኑ ከልጄ መዳፍ ላይ የሟሸሸችውን ፍሬ ነው። ቀጥሎ ከኪሷ የሽንብራ ቆሎ አውጥታ አደለችን። ማታ ልጆቹን ገላቸውን ሳጥብ መዥገር እንዳይኖርባቸው ብብታቸውንና ከጆሯቸው ጀርባ ስፈትሽ፣ እጃቸው ላይ የቀረው ቀለም በሳሙና አልለቅ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ በዚያው ማታ ነው እናቴ «ቡሄን እዚያ ብናከብርስ?» ያለችው። በዚያ ዓመት ነሐሴ 13 ቅዳሜ ዋለ። በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸውን ሁለት ቤተሰቦች ጠራን፤ ሙልሙሉ ሌሊቱን ተጋገረ። ችቦ ለማብራት ግን አልተቻለም፤ ቲሬስታ በ1999 እ.ኤ.አ. በቃጠሎ ብዙ ደኑን ያጣ ቦታ በመሆኑ እሳት ከተፈቀደው ምድጃ ውጭ ፈጽሞ አይነድም። ወንዶቹ ልጆች በትር ይዘው ሆያ ሆዬ ሲሉ በመንገዱ ያልፉ የነበሩ አንድ ስዊድናዊ ሽማግሌና ባለቤታቸው ቆመው አዳመጡ። እናቴ በቋንቋ ስላልተግባቡ አልተቸገረችም፤ ለሁለቱም አንዳንድ ሙልሙል ሰጠች። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ቢያዩ፣ ለዘፈኑ ልጆች መስጠት የነበረባቸው እሳቸው እንደ ሆኑ ባህሉን ነገርኳቸው። ወዲያው ቅርጫታቸውን ከፍተው የለቀሙትን ቢጫ እንጉዳይ፣ ካንታሬል የሚባለውን፣ በሁለት እጃቸው አፍሰው ለልጄ ሰጡት።

እናቴ በመስከረም ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የሦስቱ ቤተሰብ መውጫ ቅዳሜ ሆኗል፤ ዝናብ ቢሆንም እንሄዳለን። ሐሙስ ማታ ልጆቹን «ቅዳሜ እንወጣለን» ስላቸው፣ ልጄ የት እንደምንሄድ መጠየቁን ትቷል። «ለእነማን ደወልክ?» ይለኛል።