ማሸጊያው ኮምቦልቻ ደርሶ ፋብሪካው ቆመ

በ2017 የካቲት ላይ ኮምቦልቻ የምሠራበት የዱቄትና የመኮሮኒ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍሉ ቆመ። ስንዴ አለ፣ መብራት አለ፣ ሠራተኛውም ገብቷል። ያለቀው መኮሮኒው የሚታሸግበት የላስቲክ ሮል ነው። ከምርቱ ወጪ ሲታይ ኢምንት ነው፤ ግን እሱ ከሌለ መኮሮኒውን በእፍኝ ልትሸጠው ነው?

የሚያናድደው ደግሞ ሮሉ መጥቷል። ጅቡቲ ወርዶ፣ በጋላፊና በሚሌ አልፎ፣ ኮንቴይነሩ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ተቀምጧል። ከእኛ በር በባጃጅ የሚደረስ ቦታ። ትራንዚተራችን ጋ፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽምልን ወኪል ጋ ስደውል ሰውዬው ሰልችቶታል። "ወንድሜ፣ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ያለው ክብደትና ኢንቮይሱ ላይ ያለው አይገናኝም። ላኪው አስተካክሎ ካልላከልኝ ዲክላራሲዮኑን እንዴት ብዬ ልጨርስ?" ፓኪንግ ሊስት የጭነቱ ዝርዝር፣ ኢንቮይስ የሽያጭ ሰነዱ፣ ዲክላራሲዮን ደግሞ ለጉምሩክ የሚቀርበው መግለጫ ነው። ላኪው ግን ኢሜይል የሚመልሰው ሲመቸው ነው።

ማሸጊያ ክፍል ወረድኩ። ማሽኑ ላይ የመጨረሻው ሮል ካርቶን ቱቦው ብቻ ቀርቶ እንደተሰካ ነው። ሴቶቹ መኮሮኒውን ማዳበሪያ ውስጥ ይሞላሉ፣ አንዷ ወስፌና ሲባጎ ይዛ አፉን ትሰፋለች። በኪሎ ለሚቸረችሩ ሱቆች ይሆናል ተብሎ ነው። ደሴ ላይ በጅምላ ለሚያከፋፍሉልን ሐጂ ይህንኑ ስነግራቸው አልወደዱትም።

"ልጄ፣ የማዳበሪያ መኮሮኒ ለሱፐርማርኬት እንዴት አድርጌ ልስጥ? በጥር ነግሬያችሁ አልነበር?"

ነግረውን ነበር። ሽያጭ ክፍል ደውለው "ዘንድሮ ሁለቱም ጾም ቀደም ብሎ ይገባል፣ ቶሎ ቶሎ ጫኑልኝ" ብለዋል። ሽያጭ ትእዛዙን መዘገበ፣ መኪና ጫነላቸው፣ አለቀ። ወሬው ፎቅ ላይ ወዳለው ግዥ ክፍል አልወጣም።

ሎጂስቲክስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የሀረጎን ዳገት በጭጋግ እያቃሰተ የሚወጣ ተሳቢ ነው። መኪናው ግን የሥራው አንድ ቁራጭ ነው። እቃ ከአቅራቢ ወደ ደንበኛ ይወርዳል፤ ወሬ ደግሞ ከደንበኛ ወደ አቅራቢ መውጣት አለበት። እኛ ጋ እቃው ሲወርድ ወሬው መሀል ላይ ቀረ።

ነገሩ ከዓመት በፊት የጀመረ ነው። በ2016 ሁዳዴም ረመዳንም መጋቢት 2 ገቡ። በአንድ ቀን! ገበያው እብድ ሆነ፣ እኛም ጥሩ ሸጥን። የ2017 የግዥ ዕቅድ ሲሠራ ያው የ2016 ሽያጭ በየወሩ ተገልብጦ ትንሽ መቶኛ ተጨመረበት። ወረቀቱ ላይ ትልቁ ወር መጋቢት ሆነ። ጾሙ ግን የወር ስም አያውቅም። በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገባ። ነጋዴ ደግሞ ሱቁን የሚሞላው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ሩጫው በጥር መጨረሻ ተጀመረ። ሮሉ የታዘዘው ለመጋቢት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የመድረሻ ቀኑ የተቆጠረበት መንገድ ነው። ዕቅዱ ላይ እቃው ለመድረስ የሚፈጀው ተብሎ የተያዘው የባሕሩና የመኪናው ጊዜ ብቻ ነበር። ባንክ የሚወስደው፣ ላኪው የሚያመርትበት፣ ጉምሩክ ላይ የሚያልፈው አልተቆጠረም። ስሌቱ ከባድ አይደለም። በቀን 10 ሮል የሚጨርስ ፋብሪካ እቃው በ90 ቀን ከደረሰለት 900 ሮል እጁ ላይ እያለ ማዘዝ አለበት። 90 የተባለው 120 ሆኖ፣ ፍጆታውም በጾም ወደ 15 ካደገ ግን 1,800 ያስፈልገዋል። እጥፍ ማለት ነው። መጠባበቂያ ክምችት የሚባለው ይህንን ልዩነት ለመሸፈን ነው። ፋይናንስ ግን ሁልጊዜ "የተኛ ገንዘብ" ይለዋል። ግማሽ እውነት አላቸው፤ ግን ማሽን ሲቆምና ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ደመወዝ ሲበላም ገንዘብ ተኝቷል።

ስብሰባው ላይ ጥፋቱ ሁሉ ትራንዚተሩ ላይ ተደፋ። እኔ አልዋጠልኝም። የክብደቱን ልዩነት እሱ አላመጣውም፤ ሰነዱ ኮንቴይነሩ መርከብ ላይ ሳይወጣ በኢሜይል ደርሶን ነበር። ያኔ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ቢኖር ላኪው ለማስተካከል መርከቡ ባሕር ላይ ያለበት ጊዜ ሁሉ ነበረው። አሁን ቅጂው ለትራንዚተሩ ቀድሞ ይላካል፤ እሱ አይቶ "ይሁን" ሳይል ጭነት አይነሳም።

ሮሉ በኋላ ወጣ፣ ማሽኑም ተነሳ። ሐጂ ጋ ግን መደርደሪያችንን የሌላ ፋብሪካ መኮሮኒ ይዞት ቆየን። እሱን ማስለቀቅ ሮል ከማስመጣት ይከብዳል።

አሁን ግዥ ክፍል የጾሞቹን ቀን ከሽያጭ ቁጥሩ ጎን ያስቀምጣል። የሰሞኑ ክርክር ስለ 2019 ነው። ረመዳን፣ ጨረቃዋ ካልቀየረችው፣ የካቲት 1 አካባቢ ይገባል፤ ሁዳዴ የካቲት 29። ስለዚህ የአንድ ሰሞን ግርግር ሳይሆን እስከ ሚያዝያ የሚዘልቅ ገበያ ነው። የግዥ ኃላፊዋ ሮሉን በሁለት ጭነት እናስመጣ ትላለች። ፋይናንስ የባንኩንና የትራንዚቱን ወጪ ሁለት ጊዜ ማን ይከፍላል ይላል። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፤ መጋዘናችን ያን ሁሉ ሮል በአንዴ የሚይዝ ደረቅ ቦታ የለውም።