የንዝረት ማሽን ላይ ስትወጡ መጀመሪያ ጉልበታችሁን እጠፉ

ጂም ውስጥ ቆመውባት ፕሌቷ (የእግር መቆሚያ ሰሌዳዋ) የምታንቀጠቅጠዋ ማሽን ላይ የሚወጣ ሰው በአብዛኛው የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው። ጉልበቱን ገትሮ፣ ተረከዙ ላይ ተደላድሎ፣ እጀታውን ጨብጦ ቀጥ ይላል። ከዚያ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ዓይኑ ይርገበገባል፣ ሲወርድ ራሱን ያዞረዋል። ጣና ላይ በታንኳ የሄደ ሰው ግን ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ማዕበል ሲመጣ ታንኳ ላይ ጉልበቱን ገትሮ የሚቆም የለም፤ ለስለስ አድርጎ ውኃው ያመጣውን በጭኑና በባቱ ይቀበላል። ማሽኗም ላይ የሚሠራው ይኸው ነው።

ንዝረቱ ጡንቻን በጣም በትንሹ፣ ግን በፍጥነት ይለጥጠዋል። ጡንቻ ውስጥ መለጠጥን የሚያውቁ ተቀባዮች አሉ፤ በተለጠጡ ቁጥር ወደ ሕብለ ሰረሰር መልእክት ይልካሉ፣ ከዚያም «ተኮማተር» የሚል መልስ ይመጣል። ሐኪም ጉልበት ሥር በትንሽ መዶሻ ሲመታ እግር የሚፈናጠረው በዚሁ መንገድ ነው። ማሽኗ በ30 ሄርዝ ስትሠራ ይህ በሰከንድ 30 ጊዜ ይደጋገማል። መልሱ የሚመጣው ግን ጡንቻው ቀድሞ ከተወጠረ ነው። ጉልበት ሲገተር ክብደታችንን የሚሸከመው አጥንት ነው፤ ጡንቻው ያርፋል፣ ንዝረቱም በአጥንት በኩል ወገብንና ጭንቅላትን ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ልኬት ልዩነቱን በቁጥር አሳይቷል፦ ከ25 ሄርዝ በላይ ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው ላይ ከንዝረቱ 80 በመቶ ያህሉ ዳሌና አከርካሪ ሲደርስ፣ ጉልበት 20 ዲግሪ ሲታጠፍ ወደ 30 በመቶ ወርዷል።

20 ዲግሪ ማለት ብዙ አይደለም። ወደ ታች ስታዩ ጉልበታችሁ የጫማችሁን ክር ይሸፍናል፣ የጣታችሁ ጫፍ ግን ይታያችኋል። ክብደታችሁ ወደ እግር ጣቶች ሥር ይሁን፤ ተረከዛችሁ ሥር አንድ ወረቀት የምታልፍበት ያህል ይነሣ። እጀታውን ለሚዛን ብቻ በጣት ጫፍ ንኩት። አንቃችሁ ከያዛችሁት ንዝረቱ በክንድ በኩል አንገት ላይ ይወጣል። ጥርሳችሁ ከተንገጫገጨ ወይም ዓይናችሁ ማንበብ ካቃተው ጭንቅላታችሁ እየተናወጠ ነው፤ ትንሽ ዝቅ በሉ።

ደግሞ አቋቋማችሁን ያስተካከላችሁት አዝራሩን ከመጫናችሁ በፊት መሆን አለበት። ማሽኗ ስትነሣና ስትቆም ዝቅተኛውን ፍጥነት ታልፋለች፤ ያ ክልል ሰውነት ራሱ አብሮ የሚወዛወዝበት ነው። ከ20 ሄርዝ በታች ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው ላይ ንዝረቱ ዳሌ ሲደርስ ከመነሻው እንኳ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ሰው ወገቡን የሚያመው በመሐል ሳይሆን፣ ጊዜው አልቆ ማሽኗ ስትበርድ ጉልበቱን ሲያቃና ነው። ፕሌቷ ፈጽማ እስክትቆም ድረስ ታጥፋችሁ ቆዩ።

ማሽኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዷ ፕሌቷን በሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች ታነሣለች፤ ሁለቱ እግር እኩል ይነሣል፣ እኩል ይወርዳል። ሌላዋ እንደ ሚዛን በመሐሏ ዘንግ ላይ ትወዛወዛለች፤ ግራ ሲነሣ ቀኝ ይወርዳል፣ ልክ እንደ እርምጃ። በሁለተኛዋ ላይ ዳሌ እየተዘነበለ ንዝረቱን ስለሚበላው ወደ ጭንቅላት የሚደርሰው ያንሳል። ለዕድሜ ባለጸጎችና ለጀማሪ እኔ የምመርጠው እሷን ነው። እሷ ላይ እግር በተራራቀ ቁጥር ጉዞው ይጨምራል፤ ስለዚህ ጀማሪ እግሩን ወደ መሐል ሰብሰብ ያድርግ።

አሁን ወደ ቁጥሩ፣ ምክንያቱም ገዢም ሆነ የጂም ደንበኛ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ከ1 እስከ 99 የሚነበበው ሄርዝ አይደለም፣ የፍጥነት ደረጃ ነው። ጡንቻው ላይ የሚያርፈውን ኃይል የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በሰከንድ ስንት ጊዜ፣ በየጊዜውስ ስንት ሚሊሜትር። ፕሌቷ ከታች እስከ ላይ 4 ሚሊሜትር የምትጓዝ ከሆነ በ12 ሄርዝ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ፍጥንጥነት የመሬት ስበትን በትንሹ ያልፋል፤ በ20 ሄርዝ 3 እጥፍ፣ በ30 ሄርዝ 7 እጥፍ፣ በ40 ሄርዝ 13 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው። «ትንሽ ልጨምር» ብሎ አዝራሩን ደጋግሞ የሚጫን ሰው ይህን ቢያውቅ እጁን ይሰበስብ ነበር።

ሁለቱንም በስልክና በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ነጭ ወረቀት ላይ በቀጭን እስክሪብቶ አንዲት ነጥብ አድርጉና፣ እግር በሚያርፍበት ትክክል የፕሌቷ ጠርዝ ላይ ለጥፉት። ማሽኗ ስትነሣ ነጥቧ መስመር ሆና ትታያለች። የመስመሯ ርዝመት፣ የነጥቧ ውፍረት ሲቀነስ፣ ሙሉው ጉዞ ነው። ፍጥነቱን ለማወቅ ደግሞ በስልካችሁ ዝግ ያለ ቪዲዮ፣ በሰከንድ 240 ምስል በሚቀዳው፣ ነጥቧን ቅረጹ። ነጥቧ ወጥታ ወርዳ ወደ ቦታዋ ለመመለስ 8 ምስል ከፈጀባት 30 ሄርዝ ነው፤ 12 ከሆነ 20 ሄርዝ፣ 20 ከሆነ 12 ሄርዝ። ይህን መጀመሪያ ባዶዋን፣ ቀጥሎ 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው ቆሞባት ለኩ። ሰው ሲወጣባት ድምፅዋ የሚወፍር፣ መስመሯ የሚያጥር ከሆነ ሞተሯ አቅም የላትም፤ ሻጭ የሚላችሁ ሌላ ቢሆንም አትግዟት።

የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት፦ 5 ደቂቃ ተራምዳችሁ ሰውነታችሁን አሙቁ። ከዚያ 30 ሰከንድ ንዝረት፣ 60 ሰከንድ ዕረፍት፣ አምስት ዙር። ንዝረቱ ሁሉም ተደምሮ 2 ደቂቃ ተኩል ነው፤ ያነሰ ቢመስልም ለጅማትና ለመገጣጠሚያ በቂ ነው። እንደ ሚዛን በምትወዛወዘዋ ከ15 እስከ 20 ሄርዝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች በምትሄደዋ 25 ወይም 30 ሄርዝ በትንሹ ጉዞ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመሐል አንድ ቀን ዕረፍት። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት 45 ሰከንድ፣ ስድስት ዙር። ከአምስተኛው ጀምሮ 60 ሰከንድ፣ ስምንት ዙር፤ አሁን ግን ዝም ብሎ መቆም ይብቃ። በሦስት ሰከንድ ዝቅ፣ በሦስት ሰከንድ ከፍ የሚል ስኳት፣ ተረከዝ ማንሣት፣ አንድ እግር ፕሌቷ ላይ አንዱ ወለል ላይ ሆኖ ወደ ፊት መንበርከክ። ወደ ላይ ስትመጡ ጉልበታችሁን አትግተሩ። ከ10 ደቂቃ በላይ ንዝረት የሚያስፈልገው ሰው አላውቅም።

መጀመሪያ ሰሞን ጭንና ባት ቀላ ብሎ ያሳክካል። ደም ወደ ቆዳ በብዛት ስለሚመጣ ነው፤ ቆም ሲሉ ይተዋል፣ ከጥቂት ቀናት ልምምድ በኋላም ይቀራል። የሚያሳስበው የእግር መደንዘዝ፣ ወደ እግር የሚወርድ የወገብ ሕመም ወይም ራስ ምታት ነው። እነዚህ ከመጡ የዚያን ቀን አቁሙ።

ጫማም ነገር አለው። ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ የሩጫ ጫማ ንዝረቱን ይውጠዋል፤ ከፍላችሁ የመጣችሁበትን ጫማው ወሰደው ማለት ነው። ኮንጎ ጫማ ላብ ሲነካው ውስጡ ያንሸራትታል፣ ነጠላ ጫማ ከእግር ይወጣል፣ በባዶ እግር ደግሞ ፍጥነቱ ሲጨምር ውስጥ እግር ይላጣል። ሶሉ ቀጭን የሆነ ሸራ ጫማ ይሻላል።

ጥቅሙን በተመለከተ ማስታወቂያው የሚለውንና ጥናት ያሳየውን መለየት ግድ ነው። የጭን ጡንቻ ላይ ውጤቱ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ቤልጂየም ውስጥ ስፖርት ሠርተው የማያውቁ ወጣት ሴቶች ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ35 እስከ 40 ሄርዝ ሠርተው የጉልበት መዘርጊያ ጡንቻቸው ጥንካሬ በ16.6 በመቶ ጨምሯል፤ በማሽኗ ፈንታ ብረት እያነሡ የሠለጠኑት ደግሞ በ14.4 በመቶ። ቁም ነገሩ ፕሌቷ ላይ ስኳት እየሠሩ ነበር፣ ቆመው አልነበረም። ስለዚህ ክብደት ማንሣት የሚችል ጤነኛ ወጣት ማሽኗ የግድ አታስፈልገውም። የምትጠቅመው ከወንበር ለመነሣት ክንዳቸውን ለሚደገፉ እናትና አባት፣ ብረት ለሚያስፈራቸው፣ ረጅም ጊዜ ተኝተው ጭናቸው ለከሳ ሰዎች ነው።

አጥንት ላይ መልሱ ድብልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ የቤልጂየም ጥናት የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ለ6 ወር በዚሁ ጠንካራ ንዝረት፣ ከእንቅስቃሴ ጋር አሠርቶ የዳሌ አጥንታቸው ጥግግት በ0.93 በመቶ ጨምሮ አግኝቷል። በ2011 የታተመው የካናዳ ጥናት ግን 202 ሴቶችን አካትቶ፣ የመሬት ስበትን 0.3 እጥፍ ብቻ በሚያህል ደካማ ንዝረት ላይ በየቀኑ 20 ደቂቃ ለ12 ወር እንዲቆሙ አድርጎ ምንም ለውጥ አላየም። ለእኔ ይህ የሚነግረኝ ደካማ ንዝረት ላይ መቆም ብቻውን አጥንት እንደማይሠራ ነው። አጥንቷ ሳስቷል የተባለች እናት ማሽኗን ብላ የሐኪም መድኃኒቷን እንዳትተው።

«10 ደቂቃ ማሽን የአንድ ሰዓት ስፖርት ነው» የሚለው ውሸት ነው። ፕሌቷ ላይ ሰውነት የሚጠቀመው ኦክስጅን መጠነኛ እርምጃን ያህል ነው። 10 ደቂቃ ማሽን ከ10 ደቂቃ የጣና ዳር እርምጃ ብዙም አይበልጥም፤ ቦርጭ ለመቀነስ የፈለገ ሰው ጠዋት ወደ ባሕር ዳሩ ቤዛዊት ኮረብታ ቢወጣ ብዙ እጥፍ ያቃጥላል፣ ያውም በነፃ።

የባጃጅ ሾፌሮች ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ኮብልስቶን ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መንዳትም የመላ ሰውነት ንዝረት ነው፣ ግን ተቃራኒው ዓይነት። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ ከ4 እስከ 8 ሄርዝ ባለው ዝግ ያለ ንዝረት አብሮ ይወዛወዛል፣ የሚያበርድለት ጉልበት የለውም፣ የሚቆየውም ለሰዓታት ነው። የአውሮፓ የሥራ ደኅንነት ሕግ ለ8 ሰዓት ሥራ የንዝረቱ ፍጥንጥነት በሰከንድ ስኩዌር 0.5 ሜትር ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ ከ1.15 ሜትር እንዳያልፍ የደነገገው ለዚህ ነው። ወገቡን የሚያመው ሾፌር ከሥራ ወጥቶ ማሽኗ ላይ መውጣት የለበትም፤ በተለይ ማሽኗ ላይ መቀመጥ ፈጽሞ አይሞከር። በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ አምስት ደቂቃ መራመድ፣ የመቀመጫውን ስፖንጅ ማደስና የጎማ ነፋሱን ልክ ማድረግ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ፈጽሞ የማይወጡባት፦ ነፍሰ ጡር፣ የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት፣ እግሩ ላይ ደም የረጋበት፣ በቅርብ ጊዜ የተሰበረ ወይም ኦፕራሲዮን የሆነ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የዓይኑ ሬቲና የተላቀቀ፣ የኩላሊት ወይም የሐሞት ጠጠር ያለበት፣ ዲስኩ ወጥቶ ሕመሙ ያልበረደለት፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ። ሉፕ ያስገባች ሴት መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ። ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ በፊትም በኋላም ስኳሩን ይለካ፤ እግሩ የደነዘዘ ከሆነ ደግሞ ቁስሉ ሳይሰማው ሊባባስ ስለሚችል ውስጥ እግሩን በመስታወት ሳያይ አይውጣ። በጾም እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ልምምዱን ከበላ ሁለት ሰዓት በኋላ ያድርገው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት፣ በባዶ ሆድ ላይ ከማሽኗ ሲወርዱ መውደቅ አለ።

ቤት ለምታስገቡ፦ ዘመድ ከአሜሪካ የሚልካት ማሽን 110 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ የእኛ 220 ስለሆነ በቀጥታ ከተሰካች ትቃጠላለች። ከኋላዋ የተለጠፈውን ሳታነቡ አትሰኩ። ማታ ማታ ቮልት ሲወርድ ሞተሯ ትዳከማለች፣ ንዝረቱም ሳይታወቃችሁ ይለወጣል፤ የማሽኗን ዋት ሁለት ሦስት እጥፍ የሚችል ስታብላይዘር ይኑራት። መብራት ከሄደ ውረዱ፣ ተመልሶ ሲመጣ ቆማችሁባት እንዳትነሣ። ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ስስ ግን ጠንካራ ላስቲክ ተነጥፎ ትቀመጥ፤ ስፖንጅ ንዝረቱን ይበላዋል፣ ባዶ ሴራሚክ ላይ ደግሞ እየተንፏቀቀች ትሄዳለች። አንድ እግሯ ከወለሉ ከተነሣ ግራና ቀኙ እኩል አይነዝርም፣ ወገብንም ያጣምማል፤ በአራቱም ሥር ወረቀት ለማሳለፍ ሞክሩ፣ ማለፍ የለበትም።

ለውጥ መኖሩን የምታውቁት በሚዛን አይደለም። ክንድ የሌለውን ወንበር ግድግዳ አስደግፉ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነሥታችሁ እንደተቀመጣችሁ ቁጠሩና ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ። በየአራት ሳምንቱ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሰዓት ድገሙት። ቁጥሩ ከ12 ሳምንት በኋላም ካልጨመረ ደቂቃ አትጨምሩ፤ ስኳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ወይም ሁለት ኪሎ የያዘ ቦርሳ ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ ሥሩ።