በቅሎ ናት አልኳቸው

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ደሴ፣ ሥዕል የሚያስተምር አንድ ልጅ ዘንድ የሽቦ ቅርጽ ልንሠራ ተሰበሰብን። እኔ ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት። በልጅነቴ የሽቦ መኪና ሠርቼ፣ ጎማውን ከቆርኪ አድርጌ ሰፈሩን ያስቀናሁ ሰው ነኛ! ሽቦ ምን ሊያቅተኝ ነው?

መምህሩ ለስላሳ ሽቦ አምጡ፣ የመዳብ ቢሆን ጥሩ ነው ብሎን ነበር። እኔ ደግሞ ለሽቦማ ብር አላወጣም ብዬ፣ ጓሯችን ከተዘረጋው የእማዬ ልብስ ማስጫ የተረፈውን ጫፍ ቆርጬ ሄድኩ። የተረፈው ስል... ካልተረፈውም ትንሽ ነክቻለሁ።

መጀመሪያ ካልደር ስለሚባል አሜሪካዊ ነገረን። ሰውዬው የተማረው ምህንድስና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ፓሪስ ሆኖ በሽቦ አንድ ሙሉ ሰርከስ መሥራት ጀመረ። ሰውየው ሰርከስ ከሠራ እኔ አንዲት በቅሎ አያቅተኝም አልኩ።

እስክሪብቶውን ከወረቀት ሳላነሳ በቅሎዋን ሳልኩ፤ እሱ ቀላል ነበር። ሽቦው ግን አልታዘዝ አለ። በፒንሳ አጥፌው ስለቀው ፍንጥር ብሎ ይመለሳል። ጆሮዋ ላይ ስደርስ ጫፉ ተፈናጥሮ አጠገቤ ያለችውን ልጅ ሹራብ ያዘ። ልጅቷ ደንግጣ ስትነሳ በቅሎዬም አብራት ተነሳች፤ ክር በክር እየለቀምን ስናላቅቅ፣ «ፈረስ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«በእናቷ በኩል» አልኳት።

አራተኛው እግር ረዘመብኝ። አጠፍኩት፣ አቃናሁት፣ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ አጠፍኩት፣ ቀጭ! ሽቦ አንድ ቦታ ደጋግመህ ካጠፍከው እየደረቀ ሄዶ ይሰበራል አለኝ መምህሩ። ከተሰበረ በኋላ መሆኑ ነው።

ታቅፌያት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ትኩር ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ ምንድን ናት እሷ?»

«በቅሎ ናት እማማ።»

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እግሮቿን ቆጠሩና በሐዘን፣ «አላህ ያሽራት» አሉኝ። ሹፌሩ በሳቅ መሪውን ሊለቀው ምንም አልቀረው!

ቤት ስደርስ እማዬ በር ላይ ቆማለች። እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ እግሯ ሥር አለ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ከተማ ፀሐይ ብቅ ስትል ልብስ አለማስጣት ወንጀል ነው፣ ያውም ማስጫው መሬት ወድቆ። በቅሎዋን አየቻት፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እንደገና በቅሎዋን።

«አንተ! ይሄ የኔ ሽቦ አይደለም?»

ጥበብ ነው ልላት ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት። ወደ ጓዳ ገብቼ ቡናዬን ጠጥቼ ስወጣ በቅሎዋ አጥሩ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች፣ በሦስቱ እግሮቿ ላይ ሦስት ካልሲ ተሰጥቶ።

አራተኛውን ካልሲ እኔ ይዤ እንድቆም ተደረገ።