ጥቅምት 30 ሳይደርስ

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፣ ማታና ቅዳሜ ደግሞ የአራት ድርጅቶችን ሒሳብ በግሌ እይዛለሁ። በዚህ ሙያ ያለ ሰው የምለውን ወዲያው ይረዳኛል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሙሉ የሒሳብ መዝገብ የሚይዘው የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ሒሳቡን ዘግቶ ግብሩን የሚያስታውቅበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ጥቅምት 30 ነው። ሲሰሙት አራት ወር ብዙ ይመስላል። ግን ሐምሌ ደረሰኝ ሲፈለግ ያልቃል፣ ነሐሴ ደንበኛው "ነገ አመጣልሻለሁ" ሲል ያልቃል፣ ከዚያ የዓመቱ ሥራ ተጠራቅሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይወድቃል።

መስከረምና ጥቅምት ላይ! አዲስ አበባ ከዚያ በላይ የምታምርበት ጊዜ የለም። ሰማዩ ጠርቷል፣ አየሩ ታጥቧል፣ አደይ አበባ ከእንጦጦ ገደል እስከ ሰፈራችን አጥር ጥግ ፈክቷል። በዓሉ ይከታተላል፤ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ኢሬቻ። የሙዚቃ ድግሱም ይበዛል። እኔ ግን ለስድስት ዓመት ያህል ይህን ሁሉ ያየሁት ከላፕቶፕ ቀና ስል በመስኮት ነው።

የለወጠችኝ እናቴ ናት። ካቻምና የመስቀል ሰሞን "ልጄ፣ እንጦጦ ወስደሽ አደዩን አሳዪኝ" አለችኝ። "እሺ እማዬ፣ ጥቅምት 30 ይለፍና እንሄዳለን" አልኳት። ቃሌን ጠበቅኩ፣ ኅዳር ላይ ወሰድኳት። አደዩ የለም። ሣሩ ቢጫ ሆኗል፣ የአበባው ግንድ ደርቆ ቆሟል። እማዬ አልወቀሰችኝም። አንዱን ደረቅ ግንድ ያዝ አድርጋ "አለፈ እኮ" ብቻ አለች። 71 ዓመቷ ነው። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እኔ ግን ያቺ ቃል እስካሁን አልወጣችልኝም።

ስለዚህ አምና ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር አደረግኩ። የግድግዳ ካላንደሩን አወረድኩና ከሥራው በፊት መውጫ ቀኖቹን ጻፍኩ። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። ድሮ ሥራውን አስቀድሜ ሞልቼ የተረፈ ቀን እፈልግ ነበር፣ የተረፈ ቀን ደግሞ ኖሮ አያውቅም። አሁን እሁድ ከ7 ሰዓት በኋላ ያለውን በሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ዘጋሁት። ለአራቱም ደንበኞቼ ደውዬ "የባንክ ስቴትመንትና ደረሰኝ እስከ ነሐሴ 20 ካልደረሰኝ ተራችሁ መጨረሻ ላይ ነው" አልኳቸው። አንዱ ተቀየመኝ። ሦስቱ አመጡ። የተቀየመውም ነሐሴ 27 አመጣ። ለካ እኔ ቀን ቆርጬ ስለማልናገር ነበር እንደዚያ የሚዘገየው።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ግን ተሳስቻለሁ። ስድስት ዓመት የቀረብኝን በአንድ ጊዜ ላካክስ ብዬ ዓርብ ማታ ኮንሰርት፣ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ፣ እሁድ ቴአትር ያዝኩ። ኮንሰርቱ ትልቅ ነበር። በሩ በ11 ሰዓት ይከፈታል ተብሎ የተጻፈ ቢሆንም ሙዚቃውን የተጫወቱልን ሲመሽ ነው፣ የመጣንለት ዘፋኝ ደግሞ መድረክ ላይ የወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ። ደስ አይልም አልልም። ሺህ ሰው አንድ ላይ ሲዘፍን ጀርባን ይነዝራል፣ እግሬ እስኪያመኝ ጨፍሬያለሁ። ግን ቤቴ የገባሁት ሊነጋ ሲል ነው፣ እንጦጦ ቀረ፣ እሁድ ቴአትሩ ላይ ሁለተኛው ገቢር ሳይጀመር እንቅልፍ ጣለኝ። ሰኞ ደግሞ የአንድ ድርጅትን መዝገብ ከባንክ ሒሳቡ ጋር ሳስታርቅ አንድ ቁጥር ገልብጬ ጽፌ ልዩነቱን ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ከአንድ በላይ አልያዝኩም። ትልቅ ኮንሰርት የምሄደውም በማግስቱ በዓል ሲሆን ብቻ ነው።

ሌላም ነገር ገጥሞኛል። ለመስከረም መጨረሻ ትኬት የቆረጥኩበት ኮንሰርት ሦስት ቀን ሲቀረው "ተራዝሟል" ተባለ። ወደ መቼ? አይታወቅም። ገንዘቤን ለማስመለስ የደወልኩት ስልክ ብዛት ሥራ ሆነብኝ። አሁን ቀደም ብዬ ትኬት የምገዛው ዝግጅቱን በሰዓቱና በቀኑ ሲያካሂድ በዓይኔ ካየሁት አዘጋጅ ብቻ ነው።

በሥራ ለተወጠረ ሰው የምመክረው ትንንሹን መድረክ ነው። ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የጀርመን የባህል ተቋም ጎተ፣ እንደነዚህ ያሉ ቦታዎች የሚያዘጋጁት ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ከሥራ መውጫ ጋር ይገጥማል፣ ታክሲ ሳይጠፋም ያልቃል። ጥቅምት ላይ አንድ ሐሙስ ከቢሮ በቀጥታ ሄድኩ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ሳክስፎንና ከበሮ ነበር። መቶ ሰው የማይሞላ ታዳሚ፣ የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ የሚሰማበት ቅርበት። አዝማሪው አምባሰልን ቀስ ብሎ ሲጀምር ቀኑን ሙሉ ሲጨመቅ የዋለው ትከሻዬ ሲላላ ታወቀኝ። በ2 ሰዓት ተኩል ቤቴ ነበርኩ። ራቴን በልቼ አንድ ሰዓት ያህል ሠርቼ ተኛሁ፣ ያ አንድ ሰዓት ደግሞ ከሌላው ቀን ሦስት ሰዓት ይሻል ነበር።

ቴአትር የእማዬ ድርሻ ሆነ። ቴአትር ለእኛ ዓይነት ሰው የሚመች ነው፤ አንድ ቴአትር በሳምንት የታወቀ አንድ ቀን ላይ ለወራት ይታያል፣ ስለዚህ ይህ እሁድ ባይመች የሚቀጥለው አለ። እሁድ 8 ሰዓት ገብታችሁ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣላችሁ። መጀመሪያ የሄድነው ብሔራዊ ነው። "ብሔራዊ፣ ብሔራዊ" እያለ ረዳቱ ሲጠራ በየቀኑ እሰማለሁ፣ በየቀኑ በዚያ አልፋለሁ፣ ግን ከገባሁ ዓመታት ሆኖኛል። እማዬ በር ላይ ካለው የድንጋይ አንበሳ ሥር ቆማ ፎቶ አንሺኝ አለች። ያን አንበሳ የሠራው ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራፂ ነው። ቴአትር ቤቱም በ1948 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ጋር ነው የተከፈተው፣ የመጀመሪያው ቴአትር ደግሞ የመኮንን እንዳልካቸው "ዳዊትና ኦርዮን" ነበር። ይህን ሁሉ አንብቤ ሄጄ ለእማዬ ልነግራት ስል እሷ በልጅነቷ አጎቷ ትከሻ ላይ ሆና አንበሳውን እንዳየች ነገረችኝ። በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቅ ታሪክ ነው። አጎቷ ማን እንደነበር፣ ምን ይለብስ እንደነበር፣ ከየት መጥተው የት እንዳደሩ እስከ ቴአትሩ መጀመሪያ ስታወራኝ ቆየች። መጋረጃው ሲከፈት እጄን እንደያዘች ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሀገር ፍቅር ሄድን። ፒያሳ ነው፣ የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊገባ ሲል፣ ሰውን ለአገሩ ለመቀስቀስ። አዳራሹ እንደ አዲሶቹ ምቹ አይደለም። ግን ተዋናዩ ቃል ሲናገር ከታዳሚው መሐል መልስ የሚሰጥ አለ፣ "አትመኚው!" የሚል አለ፣ የሚያለቅስ አለ። ቤት ውስጥ በስልክ የምናየው ድራማ ይህን አይሰጥም። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ስልካችሁን አጥፉ። ድምፁን መቀነስ አይበቃም። እኔ ድምፁን ቀንሼው ቦርሳዬ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ደንበኛዬ መሆኑን አውቄ ግማሹን ቴአትር ስለ ቫቱ ሳስብ ተመለከትኩት። ከዚያ ወዲህ መግቢያው ላይ አጠፋዋለሁ። እስካሁን በሦስት ሰዓት ውስጥ የተቃጠለ ቤት የለም።

እንጦጦንስ? በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ሽቅብ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማርያም ጋ መድረስ፣ ሁለት ሰዓት መራመድ፣ 4 ሰዓት ላይ ቢሮ። ሹራብ ያዙ። ቦታው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያልፋል፣ ጥቅምት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ምኒልክና ጣይቱ ከዚያ ተራራ ወደ ፍል ውሃው ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን የቆረቆሩት ብርዱም ስላስመረራቸው ነው ይባላል፣ እዚያ ቆሞ ያነጋ ሰው ያምነዋል። ፓርኩ ከተከፈተ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የእግር መንገዱ ተስተካክሏል፣ ብቻውን የሚሮጥም ብዙ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነው የምሄደው። ብቻዬን ቢሆን አልጋ ውስጥ እቀር ነበር። ሽሮ ሜዳ ቆማ የምትጠብቅ ሰው ካለች ግን ይነሣል። ወርደን አንድ ትንሽ ቤት ፍርፍርና ሻይ እንበላለን። "ለጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው እውነት ነው፣ ጽጌ ለማይጾመው ሰው ከዚያ ብርድ በኋላ ትኩስ ቅቅል ዓለም ማለት ነው።

እማዬን ወደ እንጦጦ የወሰድኳት መስከረም 19 ነው። አደዩ ሙሉ ነበር። ቁጭ ብላ አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም።

ከከተማ የወጣነው አንዴ ብቻ ነው። ወንድሜ መኪና ስላለው እሁድ ማለዳ መናገሻ ሱባ ጫካ ሄድን። በሰበታ በኩል ነው፣ ከአስፋልቱ ሲወጣ ያለው ጥርጊያ መንገድ ከዝናቡ ገና አልደረቀም ነበርና ቀስ ማለት ይፈልጋል። ከመነሣታችን በፊት አካባቢውን ለሚያውቁ ሰዎች ደውለን መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀናል፣ ይህን ሳታደርጉ አትውጡ። ጫካው ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከሰሜን ሸዋ ወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል ተብሎ ይነገራል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው ሰማይ ይነካል። የሚመሩን አባት ድንገት ቆም ብለው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። "አባባ፣ ምን አዩ?" አልኳቸው። "ጉሬዛ። ዝም በዪ፣ ይመጣሉ" አሉኝ። መጡም። ነጭ ጭራቸውን እንደ ነጠላ አንጠልጥለው ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ የወንድሜ ትንሽ ልጅ አፏን ከፍታ ቀረች። ስልክ አይሠራም ነበር። ያን ቀን ማንም ሒሳብ አልጠየቀኝም።

አንድ ነገር ከመዝናኛ ጋር ልቆጥረው አልፈልግም፣ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍም አልችልም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። እማዬ አንድ ሌሊት ይዛኝ ሄደች። ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ መቋሚያው፣ የሊቃውንቱ ዝማሜ ሲፈጥን ቤተ ክርስቲያኑ አብሮ የሚወዛወዝ ይመስላል። ዓመቱን ሙሉ የማይሰማ ዜማ ነው። ያን እሁድ ሌላ ምንም አልያዝኩም፣ ተኝቼ ዋልኩ።

ሥራውስ? የአራቱንም ግብር ጥቅምት 24 ላይ አስታወቅኩ። ከስድስት ዓመት ውስጥ ከቀኑ ቀድሜ የጨረስኩት ያኔ ብቻ ነው። መውጣቴ ሥራውን አፋጠነው ብዬ አላጋንንም፣ ያፋጠነው ነሐሴ ላይ ቀን መቁረጤ ነው። ግን ቀን እንድቆርጥ ያስገደዱኝ ትኬቶቹ ናቸው። ማታ 5 ሰዓት ድረስ መቀመጤም ቀረ፣ እሁድን ለመዝጋት ሳምንቱን በሥርዓት መሥራት ነበረብኝና።

ኅዳር ላይ ታላቁን ሩጫ ሮጥኩ። ለዚህ የተመዘገብኩት ነሐሴ ላይ ነው፣ ቲሸርቱ ቶሎ ስለሚያልቅ። 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ እዚያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲካሄድ 10,000 ሰው ነበር የሮጠው፣ ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ነው። እኔ ግማሹን ሮጥኩ፣ ግማሹን በዘፈን መሐል ተራመድኩ። የእንጦጦው ቅዳሜ ሳንባዬን እንደጠቀመው ዳገቱ ላይ አወቅኩት። እማዬ ከወንድሜ ጋር መንገድ ዳር ቆማ ውሃ ይዛ ጠበቀችኝ።

ዘንድሮም ካላንደሩ ወርዷል። እንጦጦ መስከረም 16 ተጽፏል፣ አምና መስከረም 19 አንዳንዱ አደይ መርገፍ ጀምሮ ስለነበር ሦስት ቀን አስቀደምኩት።