ትኩሳት በያዘኝ ሌሊት አልተወኝም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ስለቴ ነውና ልናገር። «ከዚህ አልጋ ካነሳኸኝ ለሰው ሁሉ እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር።

የጡት ካንሰር ነው የነበረብኝ። ኦፕራሲዮኑ እንደምንም አለፈ። ቀጥሎ ኬሞ የሚሉት፣ በደም ሥር የሚሰጠው የካንሰር መድኃኒት መጣ፣ በየ21 ቀኑ። መጀመሪያ የሚሰጡት ቀዩን መድኃኒት ነው፤ ዶክሶሩቢሲን ይሉታል። ሽንት ሳይቀር ያቀላል። ሲስተር «አትደንግጪ እሺ፣ ደም አይደለም» ብላ ቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ በድንጋጤ እሞት ነበር። እግዚአብሔር ይስጣት።

ስለ ማስታወኩ ሁሉም ያወራል። መንፈስን ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አልነገረኝም። የቀጠሮዬ ዋዜማ፣ መድኃኒቱ ገና ሳይነካኝ፣ ሆዴ ይገላበጥ ነበር። የጥቁር አንበሳን በር ሳይ ያቅለሸልሸኛል። ቡና ሲቆላ ሽታውን መቋቋም አቃተኝ። ጎረቤቶቼ ይህን ሲያውቁ ምድጃቸውን ይዘው ከግቢው ጀርባ መቁላት ጀመሩ። ማንም አልለመናቸውም። ብድራቸውን ፈጣሪ ይክፈላቸው።

ፀጉሬ ሁለተኛው ዙር ሳይደርስ ትራሴ ላይ ቀረ። የተረፈውን እህቴ በማሽን ላጨችኝ። በማግስቱ ጥቁር ሻሽ አስሬ ዳቦ ልገዛ ስወጣ አንዲት የማላውቃቸው እናት እጄን ያዙና «እግዜር ያጽናሽ ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በቁሜ የራሴን ለቅሶ የደረሱኝ መሰለኝ።

ያን ቀን ነው ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላሁት። አልደብቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጾም፣ ኪዳን ሳስደርስ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ዋጋዬ ይሄ ነው?» አልኩት። ውዳሴ ማርያሜን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁበት። ሰው «እንዴት አደርሽ?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ተናነቀኝ። «ደህና» ብዬ ብቻ አልፍ ነበር።

ከዘመዶቼ አንዳንዶቹ «መርፌውን ተይና ጸበል ግቢ» ሲሉኝ ንስሐ አባቴ ናቸው የደረሱልኝ። መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ገልጠው አነበቡልኝ። «ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ፣ መድኃኒቱንም ከምድር ያወጣው እሱ ነው። ጸበሉም አይቀርብሽም፣ ቀጠሮሽም እንዳያልፍሽ» አሉኝ። ዐቢይ ጾም ነበርና እንቁላልና ወተት እንድወስድ ፈቀዱልኝ። አንገቴን ደፍቼ እየሰማኋቸው ውስጤ ይቆጣ ነበር። አውቀውብኛል። ግን ታገሱኝ።

እና ያቺ ሌሊት።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነን። መጀመሪያ ብርድ ነው የመጣው። ብርድ ልብስ በላይ በላዩ ደርበውልኝ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እህቴ ቴርሞሜትሩን ብብቴ ውስጥ አስገባች። 39። ሐኪሞቹ «ከ38 ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ኑ» ብለውናል። ኬሞው ነጭ የደም ሴልን ስለሚያወርድ ሰውነት መከላከያ አይኖረውም፤ ትንሿ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ልትገድል ትችላለች። ይህን እያወቅሁ «እስኪነጋ ተዪኝ» አልኳት። ደክሞኝ ነበር። ብሞትም ግድ አልነበረኝም።

እህቴ አልሰማችኝም። በባዶ እግሯ ወጥታ የጎረቤታችንን በር ደበደበች። ጋሼ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ላዳቸው ውስጥ ገቡ። ላዳዋ አልነሳም አለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የሰፈሩ ጥበቃና ሁለት ልጆች ገፍተው አስነሱልን። መንገዱን ሙሉ እህቴ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች። እኔ ዝም።

ድንገተኛ ክፍል ደም ሥሬ ጠፋ። አንድ ወጣት ነርስ ተንበርክኮ፣ እጄን ሙቅ ውሃ በነካ ፎጣ ጠቅልሎ፣ በጣቱ እየዳበሰ ፈለገው። ይወጋል፣ ያጣዋል፣ «ይቅርታ እህቴ» ይለኛል። በመጨረሻ ሲያገኘው «ተመስገን!» አለ። አንቲባዮቲኩ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጠብታውን እያየሁ ሳላስበው የዳዊት ቃል ከአፌ ወጣ፦ «አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» እየጸለይኩ አልነበረም። እየከሰስኩት ነበር።

አጠገቤ ካለው አልጋ ልጃቸውን የሚያስታምሙ እናት ሰሙኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እኔ ዞሩና ከዚያው መዝሙር ወረድ ብሎ ያለውን አሉልኝ፦ «እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ።» ከዚያ እግሬ ሥር ተቀምጠው፣ ባልጠየቅኳቸው፣ የቀዘቀዘ እግሬን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመሩ። የገዛ ልጃቸው እያቃሰተ ለእኔ ይለምናሉ። አንድ ሁለቴ ዝም ብዬ ሰማሁ። ቀጥሎ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁት፣ መልሼ ለመንኩት። ትኩሳቱ ገና አልወረደም፤ ፍርሃቱ ግን ደረቴ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ተነስቶ ሄደ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ላብ አጥምቆኛል። ትኩሳቱ ወርዷል። ነርሱ «ደህና አደርሽ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ! እናትየዋን ፈለግኳቸው፤ ልጃቸውን ወደ ዋርድ አዛውረውት አብረው ሄደዋል። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ልጃቸውን እግዚአብሔር ይማርላቸው።

ቀሪው ኬሞ፣ የጣት መደንዘዙ፣ ጨረሩ፣ ወራቱ ሁሉ አለፈ። ማቅለሽለሹ በበሩ በገባሁ ቁጥር እስከ መጨረሻው አልተወኝም። ፍርሃቱ ግን እንደዚያ ሆኖ አልተመለሰም። ዛሬ በየሦስት ወሩ ክትትል ላይ ነኝ፤ እስካሁን ውጤቴ ንጹሕ ነው። «አልሞትም፣ በሕይወት እኖራለሁ እንጂ» የሚለውን ሳነብ አሁንም ድምፄ ይቆራረጣል።

ኬሞ ላይ ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ትኩሳት ከተሰማችሁ እባካችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። የምትናደዱበትም ከሆነ ለራሱ ንገሩት፤ እኔን ችሎኛል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኬሞ ስወስድ ከጎኔ የምትቀመጥ ከደሴ የመጣች እህት ነበረች። የምታድረው ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ባዘጋጀው ማረፊያ ነው። መድኃኒቱ እስኪያልቅ እጅ ለእጅ ተያይዘን ውዳሴ ማርያም እንደግም ነበር። የእሷ ሕክምና ገና አላለቀም። የክርስትና ስሟ አመተ ሚካኤል፣ የእኔ ወለተ ኪዳን ነው። በጸሎታችሁ አስቡን፤ እሷን አስቀድሙልኝ።